«ለእኔ ዳቦና ሻይ ይበቃኛል»፦ ጾመኛ እናትና የአሥራ አምስት ሌሊት የመርከብ ጉዞ

ልጆች ተሰባስበው ለእናታቸው ስጦታ ያስባሉ። ወርቁም ተሰጥቷል፤ ካፖርቱም ተገዝቷል፤ አገር ቤትም ሁለት ጊዜ ደርሰው ተመልሰዋል። ምን ቀረ ሲባል አንዷ ልጅ ከሥራ ቦታዋ የሰማችውን ይዛ ትመጣለች፦ ክሩዝ። ከሎስ አንጀለስ ወደብ ተነሥቶ ሐዋይ ደርሶ የሚመለስ፣ አሥራ አምስት ሌሊት፣ ምግቡም መኝታውም በአንድ ዋጋ። ሁሉም ይስማማሉ፤ ገንዘብ ይዋጣል፤ ቲኬት ይቆረጣል። ቀኑን የመረጠው ግን የልጆቹ የሥራ ፈቃድ እንጂ የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ አይደለም። መርከቡ የሚነሣው ዓቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

እንዲህ ያሉ እናት ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ አሉ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባው የተጠጋ፣ ስኳር ያለባቸው፣ እንግሊዝኛቸው «ታንክ ዩ» እና «ኖ ፕሮብሌም» ላይ የሚያቆም፣ ጾም ገድፈው የማያውቁ እናት። በመጀመሪያው ምሽት ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ትልቅ ሜኑ በእጃቸው ይሰጣቸዋል። ልጃቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ትተረጉማለች፦ ዶሮ፣ የበሬ ሥጋ፣ ዓሣ፣ አይብ የተሞላ ፓስታ። አስተናጋጁ እስክሪብቶውን ይዞ ቆሟል። በጠረጴዛው ላይ የማይታወቁ ሌሎች አራት ሰዎች አሉ፤ እነሱም እየጠበቁ ነው። እናት ሜኑውን አጥፈው ያስቀምጡና «ተዪው፣ አታስቸግሪው። ለእኔ ዳቦና ሻይ ይበቃኛል» ይላሉ።

ዳቦና ሻይ ለአንድ ምሽት ይበቃ ይሆናል። ለአሥራ አምስት ምሽት ግን አይበቃም። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ነጭ ዳቦና የሰላጣ ቅጠል እየበሉ መድኃኒት መውሰድ ቀልድ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ስኳሩ ይወጣል፣ ሌላ ጊዜ ሌሊት ላይ ይወርዳል፣ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ደግሞ የሁለት ወይም የሦስት ቀን የባሕር መንገድ ይርቃል። በመርከቡ ላይ ምግብ እንደሆነ ሞልቷል። የእሳቸው ምግብ የሚታዘዝበት ቀን ግን ገና ከቤት ሳይወጡ አልፏል።

ባሕር ላይ ገበያ የለም

በባሕር ላይ የሚበላውን አስቀድሞ ማሰብ የሕይወት ጉዳይ የነበረበት ዘመን ነበር። በ1747 በብሪታንያ ባሕር ኃይል ያገለግል የነበረ ጀምስ ሊንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም፣ ድዳቸው እየደማ ጉልበታቸው የከዳቸውን 12 መርከበኞች ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈለና ለእያንዳንዱ ጥንድ የተለየ ነገር ሰጠ። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ከሁሉም ቀድመው ተነሡ። ባሕር ኃይሉ ግን የሎሚ ጭማቂን ለመርከበኞቹ በደንብ እንዲታደል ያዘዘው በ1795 ነው። ከሙከራው 48 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! የቢሮ ሥራ መጓተት የዛሬ በሽታ ብቻ አይደለም።

የመዝናኛው ጉዞም ቢሆን ዕድሜ ጠግቧል። የኩናርድ ኩባንያ መርከብ ላኮኒያ ከ1922 እስከ 1923 መንገደኞችን ይዛ ዓለምን ዞራለች። በዲሴምበር 2023 ደግሞ ከማያሚ የተነሣ የሮያል ካሪቢያን መርከብ 274 ሌሊት በባሕር ላይ ቆይቶ በሴፕቴምበር 2024 ተመልሷል። ወደ ሐዋይ የሚደረገው የአሥራ አምስት ሌሊት ጉዞ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው፤ የወጥ ቤቱ አሠራር ግን አንድ ዓይነት ነው።

ሁለትና ሦስት ሺህ መንገደኛ የሚጭን መርከብ በመነሻ ወደቡ የሚቆየው ከማለዳ እስከ ከሰዓት በኋላ ነው። በእነዚያ ጥቂት ሰዓቶች የቀድሞው መንገደኛ ይወርዳል፣ አዲሱ ይሳፈራል፣ በሌላ በር ሥጋው፣ ዱቄቱ፣ ዕንቁላሉና አትክልቱ እየተጫነ ይገባል። የእራቱን ሜኑ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ የመርከቡ ዋና ሼፍ አይደለም፤ ከኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ተዘጋጅቶ ይመጣለታል። ባለፉት ጉዞዎች ስንት ሰው ዶሮ፣ ስንት ሰው ዓሣ እንዳዘዘ ተመዝግቧል፤ የሚጫነውም በዚያው ልክ ነው። በረዶ የሠራ ሥጋ በደንብ እስኪቀልጥ ሁለትና ሦስት ቀን ስለሚፈልግ፣ ዓርብ ማታ ለሚቀርበው እራት ረቡዕ ዕለት ከማቀዝቀዣው መውጣት አለበት።

ከሎስ አንጀለስ እስከ ሐዋይ ከ2,000 የባሕር ማይል በላይ ነው። መርከቡ አራትና አምስት ቀን መሬት ሳያይ ይጓዛል፤ ሲመለስም እንዲሁ። በወደብ ሳይጫን የቀረ ነገር ቀረ ማለት ነው። ወጥ ቤቱ በቂ ምስር ካልያዘ፣ በሦስተኛው ቀን በፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል ምስር ከየት ይመጣል?

ደብዳቤው መቼ ይጻፍ?

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ቲኬት በተቆረጠበት ቀን ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የተለየ ምግብ ለሚፈልግ መንገደኛ ጥያቄ የሚቀበል ክፍል አላቸው። የጊዜው ገደብ እንደየኩባንያውና እንደየመስመሩ ይለያያል፤ ከ30 ቀን እስከ 90 ቀን አስቀድሞ እንዲነገራቸው የሚጠይቁ አሉ። በትራቭል ኤጀንት በኩል የተገዛ ከሆነ ኤጀንቱ እንዲጽፍ ማድረግና የጻፈውን ቅጂ መቀበል ነው። «ነግሬልሃለሁ፣ አታስብ» ብቻውን አይበቃም።

በደብዳቤው ላይ የመንገደኛዋ ስም፣ የቡኪንግ ቁጥሩ፣ መርከቡና የሚነሣበት ቀን ከተጻፈ በኋላ ጉዳዩን ባጭሩ ማስቀመጥ ይሻላል። «ቬጂቴሪያን» የሚለው ቃል ብቻውን ያሳስታል፤ በመርከብ ሜኑ ላይ ቬጂቴሪያን ማለት ሥጋ የሌለው ማለት ሲሆን ዕንቁላል፣ ቅቤ፣ ወተትና አይብ ይገባበታል። ለአገራችን ጾም የሚቀርበው ቃል «ቪገን» ነው። ማር ላይ ብቻ ነው የሚለያዩት፤ ቪገኑ ማር አይበላም፣ ጾመኛው ይበላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በዚህ ገጽ ላይ አይፈታም፤ እናት የሚሉትን መጠየቅና ያንኑ መጻፍ ነው።

ከዚያ በተጨማሪ እንዲጫን የሚፈለገውን ጠቅሶ መጠየቅ ነውር የለውም፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ያልተፈተገ ሩዝ፣ የሶያ ወይም የለውዝ ወተት። እነዚህን ብዙ መርከቦች አሁን አሁን ይይዛሉ፤ ለአሥራ አምስት ቀን የሚበቃ መያዛቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ብልጠት አለ። ጾም ብሎ ማስረዳት የሚከብደው ሰው «አለርጂ አለባት» ብሎ ይገላገላል። ባይሆን ይመረጣል። አለርጂ ሲባል ወጥ ቤቱ ዕቃውን፣ ምጣዱን፣ መክተፊያውን ሁሉ ይለያል፤ አንዳንድ ቦታ ኃላፊነት የሚገልጽ ወረቀት ያስፈርማል፤ እናት ደግሞ ልጃቸው ሳንድዊች በቅቤ ስትበላ ከጎኗ ተቀምጠው ሲታዩ ነገሩ ይደናገራል። «የሃይማኖት ጾም ነው» ማለት እውነትም ነው፣ በቂም ነው።

በዚያው ደብዳቤ ሁለት ነገር አብሮ ይጠየቃል። አንደኛው የቤተሰቡ ቡኪንግ ሁሉ እንዲያያዝና በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ ነው፤ እናት ቋንቋ ከማያውቁት ሰው ጋር ብቻቸውን እንዳይወድቁ። ሁለተኛው የእራት ሰዓት ነው። በብዙ መርከቦች ሁለት ምርጫ አለ፦ በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ጠረጴዛ፣ በተወሰነ አስተናጋጅ መብላት፤ ወይም በፈለጉት ሰዓት ሄዶ የተገኘው ቦታ ላይ መቀመጥ። ወጣቶቹ ሁለተኛውን ይወዳሉ። ጾመኛና ስኳር ያለበት ሰው ላለው ቤተሰብ ግን የመጀመሪያው፣ ያውም ቀደም ያለው ተራ (ወደ ምሽቱ 6 ሰዓት ገደማ፣ በአገር ቤት አቆጣጠር 12 ሰዓት) ይሻላል። አንዱ አስተናጋጅ በሦስተኛው ቀን «ለማማ ያለ ቅቤ» ማለትን ይለምዳል። በየምሽቱ አዲስ ሰው ከሆነ ግን በየምሽቱ እንደገና ማስረዳት ነው።

የመሳፈሪያው ቀን

ደብዳቤ ተጻፈ ማለት ደብዳቤው ወጥ ቤት ደረሰ ማለት አይደለም። በመሳፈሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ቡፌውና ወደ መዋኛው ሲሮጥ፣ የመመገቢያ አዳራሹ ኃላፊ (ሜትር ዲ ይሉታል) በአዳራሹ በር ወይም በአቅራቢያው ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል። ጠረጴዛ መቀየር የሚፈልግና የተለየ ምግብ ያለው ሰው የሚያነጋግረው እሱን ነው። መጀመሪያ ወደዚያ መሄድ ነው። የደብዳቤውን ቅጂ ማሳየት፣ እናትንም ይዞ ሄዶ ማስተዋወቅ፤ ፊታቸውን ያየ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ካነበበ ሰው በበለጠ ያስታውሳል።

አስተናጋጆቹ አብዛኞቹ ፊሊፒናውያን፣ ኢንዶኔዥያውያንና ሕንዶች ናቸው። ከቤታቸው ወራት ርቀው የሚሠሩ፣ ገንዘብ ለእናታቸው የሚልኩ ሰዎች ናቸው። ጾም ምን እንደሆነ ለኢንዶኔዥያዊ እስላም ወይም ለፊሊፒናዊ ካቶሊክ ማስረዳት ለብዙ ፈረንጅ ከማስረዳት ይቀላል። የአገራችን ሰው ይሉኝታ ግን እዚህ ላይ ይከፋል። «ሰውየውን ማስቸገር» የሚባለው ነገር ለእሱ የዕለት ሥራው ነው፤ ሳይነገረው ቀርቶ እንግዳው ሳይበላ ሲነሣ ነው ከአለቃው ዘንድ የሚቸገረው። ጉርሻ በየቀኑ ከሒሳቡ ይቆረጣል፤ በብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች በአንድ ሰው በቀን ከ15 ዶላር ያልፋል፤ በአሥራ አምስት ቀን ከ225 ዶላር በላይ መሆኑ ነው። የተከፈለበት አገልግሎት ነው።

የነገን ሜኑ ዛሬ ማታ

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በየምሽቱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የጉዞው ሰላም ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። የተለየ ምግብ ለሚበላ ሰው ዋና አስተናጋጁ የነገውን ሜኑ ዛሬ ማታ ያመጣል። ካላመጣ «የነገውን ማየት እንችላለን?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሚታዘዘው ያኔ ነው፤ ወጥ ቤቱ በማግስቱ ለብቻው ያዘጋጃል። በዕለቱ ተቀምጦ «ያለ ቅቤ አድርጉልኝ» ቢሉ ግን ሾርባው ጠዋት በዶሮ አጥንት ተቀቅሏል፣ ሶሱ በክሬም ተመትቷል፤ አስተናጋጁ ሊያደርግ የሚችለው የተቀቀለ ብሮኮሊ ማምጣት ብቻ ነው። «በመርከብ ላይ ብሮኮሊ ብቻ ነው የሚሰጡት» ብለው የሚያማርሩ ጾመኞች አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ የጠየቁ ናቸው።

ሜኑውን ሲያነቡ ዋና ምግብ ከተባለው ይልቅ ወደ ታች መውረድ ይጠቅማል። በብዙ ትልልቅ መርከቦች በእራት ላይ የሕንድ የአትክልት ምግብ ይገኛል፤ ሜኑው ላይ ባይጻፍም ሲጠየቅ ይሠራል። ምስር ወጥ ለለመደ አፍ ከዚህ የሚቀርብ በመርከብ ላይ የለም፤ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ቃሪያው፣ ዝንጅብሉ ሁሉ አለ። ሦስት ነገር ብቻ አስቀድሞ ማስቀረት ያስፈልጋል፦ የተነጠረው ቅቤ፣ እርጎውና ክሬሙ። በዘይት ይሠራ ማለት ነው። ደግሞም ከተለያዩ ምግቦች አጃቢውን ለቅሞ አንድ ሳሕን ማድረግ ይቻላል፤ ከስቴኩ ጋር የሚመጣውን የተጠበሰ ድንች፣ ከዓሣው ጋር የሚመጣውን ጎመን፣ ከዶሮው ጋር የሚመጣውን ሩዝ። አስተናጋጁ ይህን በየቀኑ ያየዋል፤ አይደነግጥም። (ለሚገድፉት ልጆች ደግሞ፦ ሁለት መጀመሪያ፣ ሁለት ዋና ምግብ ማዘዝ በብዙ መርከቦች ላይ የተለመደ ነበር፤ አሁን አንዳንድ ኩባንያዎች ከተወሰነ በላይ ለሚታዘዘው ጥቂት ዶላር ማስከፈል ጀምረዋል።)

የረዥም ጉዞ ሌላው ጠባይ መድገሙ ነው። ሜኑው ዙር አለው፤ ዙሩ ሲያልቅ የቀድሞው ምሽት እንደገና ይመጣል። ትንሽ ደብተር ይዞ «በአራተኛው ምሽት የሽምብራው ወጥ ጥሩ ነበር፤ በአምስተኛው ጨው በዛበት» ብሎ መጻፍ የሞኝ ሥራ አይደለም። በአሥረኛው ቀን እናት ሲሰለቻቸው «ያን የሽምብራውን ይድገሙልኝ» ማለት ይቻላል፤ ወጥ ቤቱ ከዚህ ቀደም የሠራውን መድገም አይከብደውም።

ስለ ሰዓቱም መታሰብ አለበት። እስከ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት (በአገር ቤት አቆጣጠር 9 ሰዓት) ድረስ ለሚጾም ሰው መርከቡ አስቸጋሪ ነው። የአዳራሹ ምሳ ከዚያ በፊት ይዘጋል፤ እራት ገና ነው። በዚያ ሰዓት በየመርከቡ የሚቀርበው የእንግሊዝ ሻይ ሲሆን፣ አብሮት የሚመጣው ኬክ በሙሉ ቅቤና ዕንቁላል ነው። በላይኛው ፎቅ ያለው ቡፌ በ3 ሰዓት ምን ክፍት እንደሚያደርግ በመጀመሪያው ቀን አይቶ ማወቅ፣ ካልሆነም ወደ ካቢን ምግብ የሚያመጣውን አገልግሎት በስልክ ማዘዝ ነው።

በየጉዞው ጥቂት ምሽቶች ሰው ሱፍና ረዥም ቀሚስ የሚለብስባቸው አሉ። እናት «የሚለበስ የለኝም፣ እኔ ካቢን እቀራለሁ» እንዳይሉ፤ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ለዚያ ምሽት ከበቂ በላይ ነው።

ተደብቆ የሚገባው

ጾም የሚገደፈው በሥጋው ሳይሆን በማይታየው ነው። የአትክልት ሾርባ የተባለው በዶሮ መረቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የእራቱ ዳቦ ላዩ ቅቤ ሊቀባ ወይም ሊጡ በወተት ሊቦካ ይችላል። ትኩስ ፓስታ ብዙውን ጊዜ ዕንቁላል አለበት፤ ደረቁ ብዙውን ጊዜ የለበትም። ድንች ጥብሱ ዶሮና ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት ይጠበሳል። ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ምግብ ከመጠየቅ ይልቅ ልጅ ከቤት ሳትወጣ በእንግሊዝኛ አንድ ካርድ ጽፋ ትያዝ፦ እናቴ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ዕንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ የሥጋ መረቅም አትበላም፤ ዘይት፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬ ትበላለች። ብዙ ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለአስተናጋጁ፣ አንዱ ለቡፌው ኃላፊ፣ አንዱ በእናት ቦርሳ።

ለእስላም ወገኖችም ይኸው አሠራር ነው፤ ጥያቄው ግን ይለያል። አንዳንድ መርከቦች በቅድሚያ ሲጠየቁ የሐላል ሥጋ ይጭናሉ፤ ሌሎቹ «ከአሳማ ነፃ» የሆነውን ሐላል ይሉታል። ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ «የታረደበት ማረጋገጫ አለው ወይ?» ተብሎ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ወደ ዓሣና ወደ አትክልቱ መዞር ይቻላል፤ እዚያም ቢሆን በሶስ ውስጥ የሚገባ ወይን፣ በጄሎና በአንዳንድ ጣፋጭ ውስጥ ያለ የአሳማ ጄላቲን አይረሳ። በ2025 ዓቢይ ጾም ፌብሩዋሪ 24 ሲገባ ረመዳን በዚያው ሳምንት መጨረሻ ማርች 1 ገብቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ሁለት ጾመኛ ቢቀመጥ አያስገርምም። የረመዳን ጾመኛ መርከቡ ወደ ምዕራብ በሄደ ቁጥር የፀሐይ መግቢያው ስለሚለዋወጥ ሰዓቱን በየቀኑ ማየት፣ ለሱሑር የሚሆነውን ደግሞ ማታውኑ ማዘዝ አለበት።

ስኳርና የመርከብ ሰዓት

ስኳር ያለባቸው እናት ከመሄዳቸው ከአንድ ወር በፊት ሁለት ሰው ማነጋገር አለባቸው፦ ሐኪማቸውንና የነፍስ አባታቸውን። ሐኪሙ «በዚህ መድኃኒት እስከ 9 ሰዓት መጾም አይቻልም» ካለ፣ ያ ነገር በቤት ውስጥ ቢፈታ ይሻላል እንጂ በውቅያኖስ መሐል ክርክር መሆን የለበትም።

በአዳራሹ እራት ከመጀመሪያው እስከ ጣፋጩ አንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ከምግብ በፊት ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ካቢኑ ውስጥ ተወግቶ ከወረደ በኋላ ዋናው ምግብ እስኪመጣ ብዙ ሊቆይ ይችላል። ለአስተናጋጁ «የእሳቸው ምስርና ሩዝ መጀመሪያ ይምጣ» ማለት ነው። ሰዓቱም ራሱ ይለወጣል፤ ሐዋይ ከካሊፎርኒያ በክረምት በ2፣ በበጋ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ መርከቡ ሌሊት ሌሊት ሰዓቱን ያስተካክላል። መድኃኒቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚወሰድ ሐኪሙ አስቀድሞ ይጻፍላቸው።

መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ በወደብ ለሠራተኛ በሚሰጠው ሻንጣ መግባት የለበትም፤ ሻንጣው ካቢን የሚደርሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ማታ ነው። የካቢኑ ትንሽ ማቀዝቀዣ ለለስላሳ የተሠራ ስለሆነ በደንብ ላይቀዘቅዝ ይችላል፤ ለኢንሱሊን የሚሆን ማቀዝቀዣና ለመርፌ መጣያ የሚሆን ዕቃ ካቢኑን የሚያጸዳውን ሰው መጠየቅ ይቻላል።

ከቤት የሚያዝ

«ታዲያ ሽሮዬን ይዤ ብሄድስ?» የምትል እናት መልሱን ማወቅ አለባት። የመርከቡ ወጥ ቤት መንገደኛ ያመጣውን ምግብ አያበስልም። በካቢን ውስጥ ማብሰልም አይቻልም፤ ምድጃ፣ የሩዝ ማብሰያ፣ የውኃ ማፍያ፣ የልብስ ካውያ ሳይቀር በእሳት ፍርሃት የተከለከለ ነው። ሻማና ዕጣንም እንዲሁ። ጀበናና ከሰሉን ቤት ትተው ይሂዱ፤ የአዳራሹ ቡና ቀጭን ነው፤ አሥራ አምስት ቀን መታገሥ ነው።

ቤት የተሠራ፣ የሚበላሽ ምግብ መሳፈሪያው ላይ ይወሰዳል። በፋብሪካ የታሸገና ያልተከፈተ ደረቅ ነገር ግን በአብዛኛዎቹ ያልፋል። ስለዚህ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ በሶው ስያሜ ከተለጠፈበት የሐበሻ ሱቅ ከረጢት ይገዛ እንጂ በፕላስቲክ ተቋጥሮ አይሂድ። በትንሽ ጠርሙስ የታሸገ ሚጥሚጣ ግን የመርከቡን ምስር ወደ አገር ቤት ያስጠጋዋል። ቋንጣ ለሚገድፈውም ቢሆን በመመለሻው ጉምሩክ ላይ ችግር ስለሆነ ይቅር።

በእጅ መብላት ለለመደ ሰው አንድ ነገር፦ በአዳራሹ በር ላይ የሚሰጠው የአልኮል ጄል በመርከብ ላይ የሚታወቀውን የሆድ በሽታ፣ ኖሮቫይረስን፣ በደንብ አይገድልም። ሳሙናና ውኃ ነው። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል ወደ አሜሪካ ወደቦች የሚመላለሱ መርከቦችን ንጽሕና ይመረምራል፤ ከ100 ነጥብ 86ና ከዚያ በላይ ያመጣ አልፏል፣ 85ና ከዚያ በታች ወድቋል። የእያንዳንዱ መርከብ ነጥብ ለሕዝብ ስለሚወጣ፣ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ማየት ይቻላል።

ጎደሬ በሐዋይ

ከአምስት ቀን ባሕር በኋላ ሂሎ ወይም ሆኖሉሉ ሲደርሱ መሬት ላይ መብላት ይቻላል። አናናሱና ፓፓያው ይታወቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የሐዋይ ሰዎች የጥንት ምግብ ጎደሬ መሆኑ ነው። «ካሎ» ይሉታል፤ ቀቅለው በድንጋይ ይወቅጡትና በውኃ አላልተው «ፖይ» የሚባል ገንፎ መሰል ነገር ያደርጉታል። ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ይቦካና ይኮመጥጣል። ቅቤ የለበት፣ ወተት የለበት፤ የቦካ ነገር ለለመደ ሰው ደግሞ ጣዕሙ እንግዳ አይሆንም። እናት በጣታቸው ቀምሰው ፊታቸውን ያጨማድዱ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ይደግሙ ይሆናል።

ፍራፍሬ ከመርከብ ይዞ መውረድ፣ ከደሴቱም ይዞ መመለስ የእርሻ ቁጥጥር ስላለበት አይፈቀድም። እዚያው በልቶ መጨረስ ነው።

መርከቡ ሲመለስ ሜክሲኮ ውስጥ ኤንሴናዳ ለጥቂት ሰዓት ይቆማል። ብዙ መንገደኛ ምክንያቱን አያውቅም፤ በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ ያላቸው መርከቦች በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ እንዳያመላልሱ ስለሚከለክል ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ምሽት የመጨረሻው እራት ነው። ሻንጣ ማታውኑ በር ላይ ይወጣል፤ በማግስቱ ቁርስ ከወትሮው ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ ለፓስፖርትና ለጉምሩክ የሚቆመው ሰልፍ ረዥም ነው። እናት መድኃኒታቸውን ወስደው ሳይበሉ በሰልፍ እንዳይቆሙ፣ በውኃ የተሠራው አጃ በካቢናቸው በማለዳ እንዲመጣ ማታውኑ ይታዘዝ፤ አንድ ያልተከፈተ ከረጢት ቆሎም በእጅ ቦርሳቸው ይኑር። የጉምሩኩ ሰው «ምግብ ይዘዋል?» ሲል «አዎ» ብለው ያሳዩት።